የአንባቢ መላምት፤ በክፍል በክፍል ስለሚወጣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ታሪክና ስለ ስያሜዎቹ

1. የጥያቄው መነሻ

አንድ ድርሰት ተጽፎ ሳይፈጸም በክፍል በክፍል ለሕዝብ ሲቀርብ፣ አንባቢው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ጊዜ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ያነበበውን መልሶ ይመረምራል፤ ፍንጭ ይለቅማል፤ የሚመጣውን ይገምታል፤ ግምቱንም ከሌሎች አንባብያን ግምት ጋር ያስተያያል። ይህ ልማድ ከሁሉ ይበልጥ የጐለበተው በሳይንሳዊ ልብ ወለድ አካባቢ ነው። ምክንያቱም በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ «ማን ማንን ያገባል?» ወይም «ማን ይሞታል?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ይህ ዓለም በምን ሕግ ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ከሌሎቹ ይቀድማል። ሕግ ያለው ነገር ደግሞ ይመረመራል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን የአንባብያን ግምት «ቲዎሪ» ይሉታል። ተርጓሚዎቻችን ቃሉን ሲያገኙ ብዙውን ጊዜ እጃቸው የሚሄደው ወደ «ንድፈ ሐሳብ» ነው፤ መዝገበ ቃላቱ የሚሰጣቸው አቻ እርሱ ነውና። ነገር ግን አንድ አንባቢ ስለ ሚቀጥለው ምዕራፍ የሚሰነዝረውን ግምት «ንድፈ ሐሳብ» ማለት ይገባልን? አማርኛስ ለዚህ የሚሆን የራሱ ቃል የለውምን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማዱን ታሪክ ባጭሩ መከተል፣ ከታሪኩም ተነሥቶ ለዋና ዋናዎቹ ስያሜዎች አቻ መፈለግ፣ በመጨረሻም ያልተፈጸመ ድርሰት የሚተረጕም ሰው የሚገጥመውን ችግር ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

2. ከወርኃዊ ቅጽ እስከ በይነ መረብ

ልማዱ ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ «የኤድዊን ድሩድ ምስጢር» የተባለውን ድርሰት በ12 ወርኃዊ ክፍሎች ሊያወጣ አቅዶ በ1870 ጀመረ። ሆኖም 6ቱን ክፍሎች ብቻ ጽፎ ጁን 9 ቀን 1870 ዐረፈ። ኤድዊን ድሩድ ተገድሎ እንደሆነ፣ ተገድሎም ከሆነ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳይገለጽ ቀረ። አንባብያን ግን መገመታቸውን አልተዉም። በ1914 ጆን ጃስፐር የተባለው ገጸ ባሕርይ በግድያ ተከሶ ለንደን ውስጥ የይስሙላ ችሎት ቆመ፤ ጂ. ኬ. ቼስተርተን ዳኛ፣ በርናርድ ሾው ደግሞ የጁሪው ሊቀ መንበር ሆነው ተሰየሙ። ነገሩ በቀልድ ቢያልቅም አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። ደራሲው በሞት ስለተለየ የትኛውም ግምት ሊረጋገጥ ወይም ሊፈርስ አይችልም። ስለዚህ ግምቶቹ ሁሉ እኩል ሕያዋን ሆነው ይኖራሉ።

ሳይንሳዊው ልብ ወለድም ገና ከጥንቱ በክፍል በክፍል መውጣት የለመደ ነው። ኤች. ጂ. ዌልስ ማርሳውያን እንግሊዝን ሲወርሩ የሚያሳየውን ድርሰቱን በመጀመሪያ ያወጣው በ1897 ከኤፕሪል እስከ ዲሴምበር «ፒርሰንስ ማጋዚን» በተባለ መጽሔት ላይ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ሁጎ ገርንስባክ በኤፕሪል 1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት መሠረተ። የኢ. ኢ. ስሚዝ «ስካይላርክ ኦፍ ስፔስ» በዚሁ መጽሔት ላይ በ1928 ከኦገስት እስከ ኦክቶበር በሦስት ክፍሎች ታትሞ ለጠፈር ጉዞ ልብ ወለድ ፈር ቀደደ።

ገርንስባክ ለዘርፉ የሰጠው የመጀመሪያ ስያሜ «ሳይንቲፊክሽን» የሚል ጥምር ቃል ነበር። ቃሉ ለአፍም ለጆሮም አልተመቸም። ያን መጽሔት አጥቶ በ1929 «ሳይንስ ዎንደር ስቶሪስ»ን ሲያቋቁም «ሳይንስ ፊክሽን» በሚለው ተካው፤ ይኸኛውም ጸና። እርግጥ ነው፣ ሐረጉን ዊልያም ዊልሰን የተባለ እንግሊዛዊ በ1851 ተጠቅሞበት ነበር። ሆኖም ያን ጊዜ የሚጠራው ነገር ገና ስላልበዛ ቃሉ ባለቤት ሳያገኝ ቀረ። ለስያሜ ጥናት ይህ ትልቅ ምሳሌ ነው። አንድ ቃል የሚጸናው በተፈጠረበት ቀን ሳይሆን የሚፈልገው ማኅበረ ሰብ በተገኘበት ቀን ነው።

ማኅበረ ሰቡን የፈጠረው ደግሞ የመጽሔቱ የደብዳቤዎች ዐምድ ነበር። ገርንስባክ የአንባብያንን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻቸው ያትም ስለነበረ፣ አንባብያን ከአዘጋጁ አልፈው እርስ በርሳቸው መጻጻፍ ጀመሩ። ክበባት ተቋቋሙ፤ በእጅ የሚባዙ ትናንሽ መጽሔቶችም ብቅ አሉ። ለእነዚህ መጽሔቶች በ1940 «ፋንዚን» የሚለውን ስያሜ ያወጣላቸው ከእነርሱው አንዱ፣ ራስል ሾቭኔ የተባለ ወዳጅ አንባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ የዘርፉ አብዛኛው ቃል የሚወለደው ከደራሲው ብዕር ብቻ ሳይሆን ከአንባቢው ደብዳቤም ሆነ።

በይነ መረብ በመጣ ጊዜ የተለወጠው የልማዱ ጠባይ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ቀድሞ በሁለት ክፍሎች መካከል የነበረው አንድ ወር ወደ ጥቂት ቀናት አጠረ፤ ደብዳቤው የሚፈጅበት ጊዜም ጨርሶ ጠፋ። ከዚህ በታች ሁለት ድርሰቶችን በተለይ እንመለከታለን።

3. ማርስ ላይ የቀረው ሰው

አንዲ ዌር የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪ «ዘ ማርሺያን»ን በገዛ ድረ ገጹ ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ ማውጣት የጀመረው በ2009 ነው። ታሪኩ ማርክ ዋትኒ ስለ ተባለ ጠፈርተኛ ይናገራል። ባልደረቦቹ የሞተ መስሏቸው ማርስ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ፤ እርሱም ድንች እየተከለ፣ ከሮኬት ነዳጅ ውሃ እየሠራ ለመኖር ይታገላል። ድርሰቱ በዕለት ማስታወሻ መልክ የተጻፈ በመሆኑ ለክፍል በክፍል ንባብ እጅግ ይስማማል። ተራኪው ነገ ምን እንደሚገጥመው አያውቅም፤ አንባቢውም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ የአንባብያኑ ሥራ ከተራ ግምት የተለየ መልክ ያዘ። ከተከታታዮቹ መካከል የኬሚስትሪና የሌሎች ሳይንሶች ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ስሌቱን እየመረመሩ ስሕተት ሲያገኙ ለደራሲው ይጽፉለት፣ እርሱም ያርም ነበር። ስለዚህ «ዋትኒ ይድናል ወይስ ይሞታል?» የሚለው ጥያቄ ወደ «የውሃው መጠን ለድንቹ ይበቃል ወይ?» ተለወጠ። የኋለኛው ጥያቄ ከደራሲው ፈቃድ ውጭ የሆነ መልስ አለው። የኬሚስትሪ ሕግ ለደራሲም ለአንባቢም አያዳላምና። በዚህ ረገድ የአንባብያኑ ግምት ከሳይንሳዊ መላምት ጋር በእውነት ተቀራረበ።

ሆኖም ዝምድናው ሙሉ አይደለም። ዋትኒን ከባልደረቦቹ የለየው ኃይለኛው የአሸዋ ማዕበል ነው። የማርስ አየር ግፊት ግን ከምድር አየር ግፊት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ነፋሱ ምንም ያህል ቢፈጥን ሰውንና መሣሪያን እንደዚያ ሊያንገላታ አይችልም። ደራሲው ይህን እያወቀ ለታሪኩ ሲል እንደተወው ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ አንድ አንባቢ በፊዚክስ ብቻ ተመርቶ ቢገምት ኖሮ በፊዚክስ ትክክል፣ በድርሰቱ ግን ስሕተተኛ በሆነ ነበር። ልብ ወለድ ሳይንሳዊ ቢባልም የመጨረሻው ዳኛ ተፈጥሮ ሳይሆን ደራሲው ነው።

ዌር በ2011 ድርሰቱን በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መልክ በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ለሽያጭ አቀረበ፤ በ2014 በታወቀ አሳታሚ ታተመ፤ በ2015 በሪድሊ ስኮት አዘጋጅነት ፊልም ሆነ። መጽሐፉን በኋላ የሚያነበው ሰው የሚያገኘው የታረመውን ድርሰት ነው። የእርማቱን ታሪክና በየጊዜው ይሰነዘር የነበረውን ጥርጣሬ ግን ከታተመው ገጽ ላይ አያገኘውም።

4. «ወርም» እና ዐሥራ ሁለቱ ክፍሎች

ሁለተኛው ምሳሌያችን «ወርም»፣ ማለት «ትል»፣ የተባለው ድርሰት ነው። ዋይልድቦው በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ካናዳዊ ደራሲ ከጁን 2011 እስከ ኖቬምበር 2013 ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ገደማ እየጻፈ አወጣው፤ ሲፈጸም ርዝመቱ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ቃላት በላይ ሆነ። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ቴይለር ሂበርት ነፍሳትን የማዘዝ ኃይል ያላት ወጣት ናት። በዓለሟ ውስጥ ልዩ ኃይል ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ኃይሉ ከየት እንደመጣ ድርሰቱ ለረጅም ጊዜ አይናገርም። የሚሰጠው ፍንጭ ብቻ ነው። ኃይሉ የሚገለጠው ሰው በሕይወቱ እጅግ በከፋው ቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ራእይ የመሰለ ነገር ይታያል፤ ያየውም ሰው ወዲያው ይረሳዋል።

አንባብያን እነዚህን ፍንጮች ይዘው ከሁለት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ተከራከሩ። መልሱ የተሰጠው ወደ ፍጻሜው ግድም ነው፦ ኃይላቱ ከሌላ ዓለም የመጣ ግዙፍ ፍጡር ቍራጮች ናቸው፤ ለሰው የሚታደሉትም በግጭት እንዲፈተኑ ነው። መልሱ ከተገለጠ በኋላ ቀደምቱን ምዕራፎች መልሶ ያነበበ ሰው ፍንጩ ከመጀመሪያው ተዘርቶ እንደነበረ ያያል። በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን «ንግር» የምንለው ስልት ይህ ነው።

ለስያሜ አጥኚ ከዚህም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። በድርሰቱ ዓለም ውስጥ ያለው መንግሥት ልዩ ኃይላትን በ12 ክፍሎች መድቦ ለእያንዳንዱ አጭር ስም ሰጥቶታል፦ የሚንቀሳቀሰው፣ የሚለወጠው፣ ከሩቅ የሚመታው፣ ሌሎችን የሚያዝዘው፣ የሚያስበው፣ መሣሪያ የሚሠራው፣ ወዘተ.። ይህ ምደባ የገጸ ባሕርያቱ ነው፤ ነገር ግን አንባብያን ተዋሱት። ያልታወቀ ገጸ ባሕርይ በመጣ ቍጥር «ይህ ከየትኛው ክፍል ነው?» እያሉ ተከራከሩበት፤ ከዚያም አልፈው የራሳቸውን ፈጠራ መደቡበት። ስለዚህ አንድ የስያሜ ሥርዐት በልብ ወለድ ውስጥ ተወልዶ ስለ ልብ ወለዱ የሚነጋገሩ ሰዎች የሥራ ቋንቋ ሆነ። ይህ ሥርዐት የተቀናጀ፣ ብዙ ጕዳዮችን ባንድ መርሕ የሚያብራራ በመሆኑ «ንድፈ ሐሳብ» የሚለው ቃል ቢሰጠው አይበዛበትም። በሥርዐቱ ተመርቶ «ነገ እገሌ ይህን ያደርጋል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላም ነጥብ አለ። ከድርሰቱ ታላላቅ ውጊያዎች በአንዱ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ ደራሲው የወሰነው ዳይ በመጣል እንደነበረ ተናግሯል። እንዲህ ከሆነ፣ ከዚያ ምዕራፍ በፊት «እገሌ ይተርፋል» ብሎ የገመተ አንባቢ፣ የተሰወረ እውነት ይፈልግ ነበር ሊባል አይቻልም። የሚፈለገው እውነት ገና አልተፈጠረም ነበርና። ያልተፈጸመ ድርሰት ከእንቆቅልሽ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። «እንቆቅልሽ» የሚለው ልጅ መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚጠይቀው፤ «ምን አውቅልሽ» ያለውም ያቃተው እንደሆነ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። የተከታታይ ድርሰት ደራሲ ግን አገር ቢሰጡትም የሚናገረው መልስ ላይኖረው ይችላል።

5. ስያሜዎቹና አቻዎቻቸው

ከላይ ካለው ታሪክ ተነሥተን ዋና ዋናዎቹን ስያሜዎች እንመርምር። በቅድሚያ ግን አማርኛ በዚህ መስክ ባዶ እጁን እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። «ልብ ወለድ» የሚለው የዘርፉ ስም ራሱ የተገኘው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ካሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ነው። የአንድ መጽሐፍ ስም የዘርፍ ሁሉ ስም ሲሆን ማየት በየቋንቋው የሚገኝ ዕድል አይደለም። ከዚያ በኋላም ሊቃውንት «መቼ»ን እና «የት»ን አጣምረው «መቼት»ን፣ እንዲሁም «ሴራ»ን፣ «ምልሰት»ን፣ «ልብ ሰቀላ»ን አበርክተውልናል። አዲሶቹ ስያሜዎች ከእነዚህ ጋር መዛመድ አለባቸው።

ሀ) የአንባቢ ግምት። «ንድፈ ሐሳብ» ከግዕዝ አገባብ የተዋቀረ፣ የተደራጀና ብዙ ማስረጃ የተሸከመ ሐሳብን የሚያመለክት ቃል ነው። «መላምት» ግን «መላ መታ» ከሚለው የቆየ አነጋገር የመጣ ስለሆነ፣ በፍንጭ ላይ ተመሥርቶ ገና ያልተረጋገጠን ነገር መገመት የሚለውን ፍች በውስጡ ይዟል። አንባቢ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ምንጩ «ቲዎሪ» ቢልም ተርጓሚው «የአንባቢ መላምት» ቢል ይመረጣል። እንግሊዝኛው በቸልታ ያዋሐዳቸውን ሁለት ነገሮች አማርኛ ለይቶ የሚጠራበት ቃል ካለው፣ መለያየቱን ስለ ምን እንተወዋለን?

ለ) ትርጓሜና መላምት። የቤተ ክህነቱ ትምህርት «አንድም» እያለ ለአንድ ቃል ብዙ ፍች የሚሰጥበት የአንድምታ ሥርዐት አለው። የአንባብያኑን ክርክር ከዚህ ጋር የሚያመሳስል ሰው አይጠፋም። መልኩ ይመሳሰላል፤ መሠረቱ ግን ይለያያል። አንድምታ የተፈጸመን መጽሐፍ ይተረጕማል፤ ፍቾቹም ሳይጣሉ ጐን ለጐን ይኖራሉ። መላምት ያልተፈጸመን ይገምታል፤ ቀጣዩ ክፍል ሲወጣም ከሁለቱ ተቃራኒ መላምቶች ቢያንስ አንዱ ይወድቃል። ስለዚህ «ትርጓሜ» የሚለውን ቃል ለተፈጸመው ድርሰት እንጠብቀው። ለድሩድ ዓይነቱ ድርሰት፣ ተቋርጦ ለቀረው ማለት ነው፣ «ያልተፈታ መላምት» ማለት ይበቃል።

ሐ) የጸናው ድርሰትና አንባቢ የጨመረው። እንግሊዝኛ የደራሲውን የጸደቀ ድርሰት «ካነን» ይለዋል። ለዚህ አጠራር ብዙውን ጊዜ እንደ መነሻ የሚጠቀሰው ሮናልድ ኖክስ በ1911 የሼርሎክ ሆምስን ታሪኮች እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንት እየመረመረ በቀልድ ያቀረበው ጥናት ነው። የእኛው «ቀኖና» ከዚያው የግሪክ ቃል የመጣ ቢሆንም፣ አማርኛ ተናጋሪ ቃሉን ሲሰማ ወደ ልቡ የሚመጣው የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ወይም የንስሐ አባት የሚሰጠው ቅጣት ነው። ስለዚህ «ዋና ድርሰት» ማለቱ ይሻላል። አንባብያን እርስ በርስ ተስማምተው የተቀበሉት፣ ደራሲው ግን ያልጻፈው ነገር «ፋነን» ይባላል። ለዚህ «አንባቢ ወለድ» የሚለውን እናቀርባለን። «አየር ወለድ» እና «ውሃ ወለድ» እንደሚያሳዩት ቅርጹ ሕያው ነው፤ ከ«ልብ ወለድ» ጋር ሲነጻጸርም ፍቹ ወዲያው ይገባል።

መ) ደራሲው ከድርሰቱ ውጭ የሚሰጠው ማብራሪያ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንባብያን ይህን «የእግዚአብሔር ቃል» በሚል የቀልድ ስም ይጠሩታል። ቃል በቃል ቢተረጐም ለአማርኛ አንባቢ ቀልድነቱ ጠፍቶ ድፍረቱ ብቻ ይቀራል። «ቃለ ደራሲ» የሚለው የግዕዝ አገባብ ክብደቱን ጠብቆ ነውሩን ያስወግዳል።

ሠ) የሚመጣውን አስቀድሞ መግለጥ። እንግሊዝኛው «ስፖይለር» ይለዋል፤ በዚህ ፍች በኤፕሪል 1971 ዳግ ኬኒ በ«ናሽናል ላምፑን» ላይ ባወጣው የፌዝ ጽሑፍ ይገኛል። እኛ «ልብ ሰቀላ» የሚል ቃል ስላለን፣ የተሰቀለውን ልብ ያለጊዜው የሚያወርደውን «ልብ አውራጅ» ልንለው እንችላለን። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉ አስቀድሞ ታትሞ ስለነበረ መጨረሻውን የሚያውቅ አድማጭ ከማያውቀው ጋር አብሮ ይሰማ ነበር። ልብ አውራጅ ሊኖር የሚችለው መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው። ሁሉም እኩል ካላወቀ ያለው መላምት ብቻ ነው።

ረ) ቀድሞ የተጻፈውን በኋላ መለወጥ። «ሬትኮን» የሚለው አጭር ቃል «ወደ ኋላ የሚሠራ ተከታታይነት» ከሚል ሐረግ የተቈረጠ ነው። ሐረጉ በ1973 በታተመ የነገረ መለኮት ጥናት ውስጥ ይገኛል፤ ወደ ሥዕላዊ ልብ ወለድ ዓለም የገባው ግን በ1983 «ኦል ስታር ስኳድሮን» በተባለ መጽሔት የደብዳቤዎች ዐምድ አማካይነት ነው። «የኋልዮሽ እርማት» ቢባል ፍቹን ይሸከማል። በበይነ መረብ ለሚወጣ ድርሰት ይህ ቃል እጅግ ያስፈልጋል፤ ደራሲው ትናንት ያወጣውን ገጽ ዛሬ ሊለውጠው ይችላልና።

6. ተርጓሚው ሳይወድ መላምተኛ ሲሆን

እስካሁን ያየነው የስያሜ ችግር ነበር። ከዚህ የሚከብደው የሰዋስው ችግር ነው። የአማርኛ ግስ በሁለተኛና በሦስተኛ መደብ ነጠላ ቍጥር ጾታን ይለያል፤ እንግሊዝኛ ግን ማንነቱ ያልታወቀን ሰው ጾታ ሳይገልጥ ለብዙ ገጽ ሊጓዝ ይችላል። በተፈጸመ መጽሐፍ ተርጓሚው መጨረሻውን አንብቦ ይመለሳል። ክፍል በክፍል እየተከተለ የሚተረጕም ሰው ግን «በሩን ከፈተ» ወይስ «በሩን ከፈተች» የሚለውን ከደራሲው መልስ አስቀድሞ መቍረጥ አለበት። አንባቢ መላምቱ ቢወድቅ ይስቃል፤ የተርጓሚው መላምት ሲወድቅ ግን በታተመ ገጽ ላይ ነው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የጆን ቦይስ «17776» ነው። ይህ ድርሰት ከጁላይ 5 እስከ 15 ቀን 2017 ድረስ በየቀኑ ማለት ይቻላል እየተከፈለ በአንድ የስፖርት ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ሲከፈት የማይታወቁ ተናጋሪዎች ይነጋገራሉ፤ በአንዱና በሌላው መልስ መካከል ዓመታት ያልፋሉ። የአንባቢው የመጀመሪያ መላምት «እነዚህ እነማን ናቸው?» የሚል ነው። ቀስ በቀስ ግን ተናጋሪዎቹ ከጊዜ ብዛት ንቃተ ኅሊና ያገኙ መንኰራኵሮች እንደሆኑ ይታወቃል፦ በ1968 የመጠቀችው ፓዮኒር 9፣ በ1972 የመጠቀችው ፓዮኒር 10 እና ወደ ጁፒተር ጨረቃዎች እንድትሄድ የታቀደችው፣ በእውነቱ ዓለምም በኤፕሪል 2023 የመጠቀችው አውሮፓዊቷ ጁስ።

የእንግሊዝኛው ሁለተኛ መደብ ስለ ተጠሪው ጾታም ሆነ ማዕርግ አይናገርም። አማርኛ ተርጓሚ ግን በመጀመሪያው መሥመር ላይ «ትሰማኛለህ?»፣ «ትሰሚኛለሽ?» ወይም «ይሰሙኛል?» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱን ከመረጠ፣ ተናጋሪዎቹ ወንድና ሴት ሰዎች ናቸው የሚል ሐሰተኛ ፍንጭ ዘራ ማለት ነው። በአክብሮት ቅርጽ ቢሸሽ፣ «እርስዎ» እና «እርሳቸው» ጾታን ይሰውራሉ እንጂ በምትኩ ዕድሜን ወይም ማዕርግን ያስገባሉ፤ ለወዳጅነት የተጻፈውንም ንግግር የእንግዳ ሰላምታ ያስመስሉታል። ከዚህ ማምለጫ የሚሆኑት በመጀመሪያ መደብ መናገር (በዚህ መደብ ጾታ አይለይም)፣ ተደራጊ ግስ («በሩ ተከፈተ»)፣ ዘር ስም («የበሩ መከፈት») እና ግስ የሌለው አጭር ጥሪ («ማነው?» ሳይሆን «ሃሎ») ናቸው። ለጥቂት መሥመር ይበቃሉ፤ ለረጅም ምዕራፍ ግን ጽሑፉን ያደርቁታል።

ቃላትም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። በ«ዘ ማርሺያን» ውስጥ ማስታወሻው የሚጀምረው «ሶል 6» በሚል ርእስ ነው። «ሶል» ከ1976ቱ የቫይኪንግ ተልእኮ ጀምሮ የማርስን ዕለት ለመለየት የሚያገለግል ቃል ሲሆን፣ ርዝመቱ 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ገደማ ነው። «ቀን 6» ተብሎ ቢተረጐም አንባቢው የምድርን ቀን ይቈጥራል፤ የምግብ ስሌቱንም ተከትሎ ሊመረምር አይችልም። «የማርስ ዕለት» ትክክል ቢሆንም በየገጹ ሲደጋገም ይከብዳል። ስለዚህ «ሶል»ን እንዳለ ወስዶ በመጀመሪያው ቦታ ላይ መፍታት ይበጃል። ደንቡን እንዲህ ብለን ልናጠቃልለው እንችላለን፦ የአንባቢው መላምት የሚመሠረትበትን ቃል ተርጓሚው ማደብዘዝ የለበትም። ተርጓሚው የጣለውን ፍንጭ አንባቢው ሊለቅመው አይችልምና።

7. ማጠቃለያ

የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ቃላት ታሪክ ተጽፎ ሊቀርብ የቻለው በአንባብያን እጅ ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ2001 የዘርፉን ቃላት የመጀመሪያ ጥቅሶች መፈለግ ሲጀምሩ፣ ብዙዎቹን ያገኙት በየቤታቸው አሮጌ መጽሔት ካከማቹ ወዳጅ አንባብያን ነበር። ከዚያ ሥራ በ2007 በጄፍ ፕሩቸር አዘጋጅነት አንድ መዝገበ ቃላት ታተመ፤ በጃኑዋሪ 2021 ደግሞ ጄሲ ሺድላወር የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ታሪካዊ መዝገበ ቃላትን በበይነ መረብ አቀረበ። «ቴራፎርሚንግ» የሚለው ቃል ዛሬ በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ የሚገኝ ቢሆንም ጃክ ዊልያምሰን በ1942 ባወጣው ልብ ወለድ እንደተጀመረ የምናውቀው እንደዚህ ባለ ትጋት ነው።

የወረቀት መጽሔት በሣጥን ውስጥ ተኝቶ ይቈያል፤ የኤሌክትሮኒክ ገጽ ግን በኋልዮሽ እርማት ሊለወጥ፣ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። በአማርኛም ተከታታይ ድርሰት በዚህ መንገድ እየወጣ፣ አንባብያንም እየተወያዩበት ሲሄድ፣ የሚፈጠሩትን ቃላት ከነቀናቸው መመዝገብ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ ይሆናል። ከዚህ በላይ የቀረቡት «የአንባቢ መላምት»፣ «ዋና ድርሰት»፣ «አንባቢ ወለድ»፣ «ቃለ ደራሲ»፣ «ልብ አውራጅ» እና «የኋልዮሽ እርማት» ለውይይት የተሰነዘሩ ናቸው። ከእነርሱ የትኛው እንደሚጸና የሚወስነው ግን አቅራቢው አይደለም፤ «ሳይንቲፊክሽን»ን ጥሎ «ሳይንስ ፊክሽን»ን ያጸናው ያው ተጠቃሚው ነው። ስለ ስያሜዎቹ የወደፊት ዕድል ዛሬ ልንሰነዝር የምንችለው መላምት ብቻ ነው።